ምሰሶው ቆሟል፣ መብራቱስ መቼ ይገባል?

የአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ፈጣን ኃይል መሙያ ጣቢያ ግንባታን የሚከታተል ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመሙያ ምሰሶዎቹ ላይ ነው። ስድስት ቆሙ፣ ስምንት ቆሙ እያለ ይቆጥራል፤ ፎቶ አንሥቶ ለሌሎች ያካፍላል፤ ምሰሶዎቹ ከነማሸጊያ ፕላስቲካቸው ተሰልፈው ሲያይ «በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል» ይላል። ሳምንቱ ያልፋል፤ ወሩም ያልፋል። አጥሩ አይነሣም፣ ፕላስቲኩም አይገለጥም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደውም በሥራ ተቋራጩ ላይ ነው።

ይህ ቁጣ ባለቤቱን የሳተ ይመስለኛል። በእንዲህ ያለ ግንባታ ውስጥ ለዓይን የሚታየው ሥራ አጭሩ ሥራ ነው። ቁፋሮው፣ አርማታ ሙሌቱና ምሰሶ ተከላው በሳምንታት ያልቃሉ። ረጅሙ ሥራ ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ በኃይል አቅራቢው መሥሪያ ቤት፣ በትራንስፎርመር ፋብሪካና በፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ። ጣቢያው መቼ እንደሚከፈት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ምሰሶ መቁጠሩን ትቶ ስለ መስመሩ መጠየቅ ይኖርበታል።

ነገሩን ለመረዳት ከመኪናው መነሣት ይሻላል። ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ የሚባለውን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስሰውን ኤሌክትሪክ ነው። ከመስመር የሚመጣው ግን አቅጣጫውን ያለማቋረጥ የሚቀያይረው ኤሲ ነው። መኪና ቤት ውስጥ ሲሞላ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው መኪናው ውስጥ የተገጠመ አነስተኛ መቀየሪያ ሲሆን፣ አቅሙ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ7 እስከ 22 ኪሎዋት ነው። ፈጣን መሙያ ይህን ሥራ ከመኪናው ላይ አውርዶ መሬት ላይ ለተተከለ ትልቅ የብረት ሳጥን ይሰጠዋል። በሳጥኑ ውስጥ የተደረደሩት መቀየሪያዎች ተደምረው 150፣ 250 ወይም 350 ኪሎዋት ዲሲ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይልካሉ። ሰው የሚያየው ቀጭን ምሰሶ በብዙ ጣቢያዎች ኬብልና ማሳያ የተሸከመ ጫፍ ብቻ ነው፤ ዋናው ማሽን ከጀርባ፣ ብዙ ጊዜም በአጥር ተከልሎ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አራት መኪኖች በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው 150 ኪሎዋት ቢስቡ ጣቢያው 600 ኪሎዋት ይፈልጋል። በ400 ቮልት ባለሦስት ፌዝ መስመር ላይ ይህ ወደ 900 አምፔር ይጠጋል። በመቀየሪያዎቹ ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው፣ ማቀዝቀዣውና መብራቱ ሲታከሉበት 800 ወይም 1,000 ኪሎቮልት አምፔር (ከኪሎዋት ጋር የሚቀራረብ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) የሚሸከም ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጭነት ለመኖሪያ ቤቶች ከተዘረጋ መስመር ላይ መቀጠል አይቻልም። ጣቢያው ከመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር ቀጥታ የሚመገብ የራሱ ትራንስፎርመር ሊኖረው ይገባል። ከአራት መሰኪያ ወደ አሥራ ስድስት ሲኬድ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ያህል ደንበኛ በድንገት መስመሩ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ኃይል አቅራቢው ማመልከቻው ሲደርሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መጋቢው መስመር ይህን ጭነት ይችላል ወይ? መስመሩ የሚነሣበት ማከፋፈያ ጣቢያስ ትርፍ አቅም አለው? ምሽት ላይ ሁሉም ቤት መብራትና ምድጃ ሲያበራ፣ ስምንት መኪኖችም አብረው ሲሰኩ ቮልቴጁ ምን ያህል ይወርዳል? መልሱ ቀና ከሆነ ጉዳዩ ትራንስፎርመር ተክሎ ማገናኘት ብቻ ይሆናል። ሽቦው መወፈር ካለበት፣ ወይም ከሩቅ አዲስ መስመር መሳብ ካስፈለገ፣ ወራት ይጨመራሉ። ማከፋፈያ ጣቢያው ራሱ ሞልቶ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ዓመታት ይሄዳል፤ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ክርክርም ይከተላል። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቀን ቁፋሮ ጀምረው አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዓመት ዘግይቶ የሚከፈትበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። አስተዋይ ባለሀብት ቦታ ከመግዛቱ በፊት ኃይል አቅራቢውን ያማክራል። ቦታው ለአሽከርካሪ ምቹ ስለሆነ ብቻ የገዛው ሰው ግን ችግሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ እውነተኛው ክትትል የሚጀምረው ኤክስካቫተሩ ከመምጣቱ በፊት፣ ከወረቀቱ ነው። በብዙ አገሮች የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ማንም ሰው ሊመለከተው የሚችል የሕዝብ ሰነድ ነው። ልምድ ያላቸው ተከታታዮች አዲስ ጣቢያ እንደሚሠራ የሚደርሱበት ከኩባንያው መግለጫ ቀድመው፣ ከከተማ አስተዳደር የፈቃድ መዝገብ ላይ ነው። አብሮ የሚቀርበው ንድፍም ብዙ ይናገራል፤ ስንት የመሙያ ቦታ እንዳለ፣ መቀየሪያ ሳጥኖቹ ስንት እንደሆኑ፣ ትራንስፎርመሩ የት እንደሚቀመጥና አቅሙ ስንት እንደሆነ ያሳያል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የትራንስፎርመሩን አቅም ነው። ያን ቁጥር ለመሙያ ቦታዎቹ ብዛት ማካፈል ነው። 1,000 ኪሎቮልት አምፔር ለአሥራ ስድስት ቦታ ከሆነ፣ ጣቢያው በመኪኖች ሲሞላ ለእያንዳንዱ መኪና የሚደርሰው ከ60 ኪሎዋት ብዙም አይበልጥም፤ ምሰሶው ላይ 250 ተብሎ ቢጻፍም። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም። መኪኖች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ከፍተኛውን ኃይል አይስቡም፤ ባትሪ 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን በእጅጉ ይቀንሳልና ኃይል መጋራት ምክንያታዊ ንድፍ ነው። የቴስላ ሁለተኛ ትውልድ መሙያዎችም አንድን 150 ኪሎዋት ሳጥን ለሁለት ጎረቤት ምሰሶዎች ያካፍሉ ነበር። ነገር ግን አሽከርካሪው ይህን የማወቅ መብት አለው፤ የምሰሶው ቁጥር ብቻውን ደግሞ አይነግረውም።

የፈቃዱ ጊዜ በሕግ ሊያጥር እንደሚችል ካሊፎርኒያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሕግ ከተሞች ለመሙያ ጣቢያዎች የተቀላጠፈ የፈቃድ አሠራር እንዲኖራቸው አስገደደ። በ2021 የወጣው ተጨማሪ ሕግ ቀነ ገደብ አስቀመጠ፤ የተሟላ ማመልከቻ እስከ 25 መሙያ ላለው ቦታ በ20 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ በ40 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም የሚያዝዘው ከተሞችን እንጂ ኃይል አቅራቢዎችን አልነበረም። ጥበቱ ከፈቃድ ጠረጴዛው ወደ መስመሩ በመዛወሩ ግዛቷ በ2023 ኃይል የማገናኛ ጊዜን የሚመለከት ሌላ ሕግ ማውጣት አስፈለጋት። አንድ በር ሲከፈት ቀጣዩ የተዘጋ በር ይታያል፤ በዚህ መስክ ደግሞ የመጨረሻው በር ሁልጊዜ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። የመጀመሪያው ምልክት አስፋልት ላይ የሚታይ የቀለም መስመር ነው። በአሜሪካ በተለመደው የቀለም ሥርዓት ቀይ የኤሌክትሪክ መስመርን፣ ቢጫ ጋዝን፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውኃን፣ ብርቱካናማ የስልክና የመረጃ ኬብልን፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ቱቦን ያመለክታል፤ ነጩ የሚቆፈረውን ቦታ ያሳያል። ነጩ መስመር ከመሙያ ቦታዎቹ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የተከተለ ሰው ትራንስፎርመሩ የት እንደሚተከል ቀድሞ ያውቃል።

ከዚያ ቦዩ ይቆፈራል። የኤሌክትሪክ ቱቦዎች ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ይቀበራሉ፤ የመካከለኛ ቮልቴጁ ከዚያም ይጠልቃል። አሸዋ ይነጠፋል፣ ቱቦው ይዘረጋል፣ ከላዩ ደግሞ ወደፊት የሚቆፍር ሰው እንዲጠነቀቅ የማስጠንቀቂያ ሪባን ይደረጋል። እዚህ ደረጃ ላይ ቱቦዎቹን መቁጠር ምሰሶ ከመቁጠር የበለጠ ይጠቅማል። ለስምንት ምሰሶ በቂ ከሆነው በላይ ቱቦ ከተቀበረና ጫፎቹ ተደፍነው ከቀሩ፣ ባለቤቱ ወደፊት ሊያስፋፋ አስቧል ማለት ነው። ቱቦ አሁን መቅበር ርካሽ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ አስፋልት እንደገና መቁረጥ ግን እጅግ ውድ ነው። ትርፍ ቱቦ የማይቀብር ጣቢያ ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል፤ ቁጠባ መስሎ የሚታየው የነገ ዕዳ ነውና።

አርማታው የራሱ ሰዓት አለው። ፌሮው ታስሮ፣ ሳጥኖቹን የሚይዙት ብሎኖች በልካቸው ተተክለው ሙሌቱ ይካሄዳል። አርማታ የታቀደለትን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካው ብዙውን ጊዜ በ28ኛው ቀን ቢሆንም፣ ከሳምንት በኋላ አብዛኛውን ጥንካሬ ስለሚያገኝ ዕቃ መትከሉ እስከዚያ አይጠብቅም። ብሎኑ በጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ሳጥኑ አልቀመጥ ይላል፤ ጥሩ ሠራተኛ የፋብሪካውን መለኪያ ጣውላ ሳይዝ አርማታ አያፈስስም። መሬት ውስጥ የሚቀበሩት የኧርዝ ዘንጎችም በዚሁ ጊዜ ገብተው ይለካሉ። ከውጭ የሚመለከት ሰው አያያቸውም፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነሱን ነው፤ ዝናብ ውስጥ ቆሞ መሰኪያ የሚጨብጠው ሰው ደኅንነት በእነሱ ላይ ነውና።

ይህ የሜዳ ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት እየፈጠነ መጥቷል። ቴስላ አራት ምሰሶዎችን ከነአርማታ መሠረታቸውና ከነሽቦአቸው ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ በጭነት መኪና የሚያመጣበትን ዘዴ ተጠቅሟል፤ ክሬን ያወርዳቸዋል፣ ይገናኛሉ፣ አለቀ። ተመልካቹን ይበልጥ የሚያሳስተውም ይህ ፍጥነት ነው። ትናንት ባዶ የነበረ ቦታ ዛሬ ጣቢያ መስሎ ያድራል፤ የሚመገብበት መስመር ግን በዚያ ፍጥነት አይመጣም።

ከዚያ በኋላ ዝምታው ይጀምራል። ሠራተኛ የለም፣ መኪና የለም፣ አጥሩ ብቻ ቆሟል። ጣቢያው የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመርና ዋና ብሬከሮቹን የያዘውን የማከፋፈያ ቦርድ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት በጥቂት ወራት ይደርስ የነበረ የማከፋፈያ ትራንስፎርመር ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ያስጠብቅ ጀምሯል። ፍላጎቱ ከየአቅጣጫው መጣ፤ አዳዲስ ቤቶች፣ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመረጃ ማዕከላት፣ በማዕበል የወደሙ መስመሮች ጥገና፣ መሙያ ጣቢያዎችም ጭምር። አቅርቦቱ ግን በቀላሉ የሚለጠጥ አይደለም። የትራንስፎርመር እምብርት ከተራ ብረት አይሠራም፤ ሲሊከን የተቀላቀለበትና በልዩ ሂደት የተዘጋጀ ስስ ብረት ይፈልጋል። በአሜሪካ ውስጥ ይህን ብረት የሚያመርተው አንድ ኩባንያ ብቻ ነው። ባዶውን ሜዳ ያየ ሰው «ሥራው ተቋርጧል» ይላል፤ በእውነቱ ግን ዕቃው ገና ከፋብሪካ አልወጣም።

የዚህ መዘግየት ትልቁ ማሳያ የአሜሪካው ፌዴራላዊ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የጸደቀው የመሠረተ ልማት ሕግ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ለሚሠሩ ፈጣን መሙያዎች 5 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ፕሮግራሙ ሲጀመር የጠየቀው በየ50 ማይሉ አንድ ጣቢያ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አራት መሰኪያ፣ እያንዳንዱም በአንድ ጊዜ 150 ኪሎዋት መስጠት የሚችል ነበር። በዚህ ገንዘብ የተሠራው የመጀመሪያ ጣቢያ በኦሃዮ ግዛት የተከፈተው በታኅሣሥ 2023 ነው፤ ከሕጉ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ተቃዋሚዎች ይህን የውድቀት ምልክት አድርገው አቀረቡት። ገንዘቡ መዘግየቱን ማንም ሊክደው አይችልም፤ ግን ጊዜው የሄደበትን ስንመለከት ደንብ ማርቀቅ፣ የግዛቶች ዕቅድ፣ ጨረታ፣ ፈቃድ፣ የኃይል ጥናት፣ ትራንስፎርመር መጠበቅ ነው። አርማታ ማፍሰስ ከእነዚህ ሁሉ መጨረሻ የሚመጣና አጭሩ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ደንብ በዋናው የመንገድ መረብ ላይ በየ60 ኪሎሜትሩ ቢያንስ 400 ኪሎዋት ያለው ጣቢያ እስከ 2025 መጨረሻ እንዲኖር፣ በ2027 መጨረሻም ይህ ወደ 600 ኪሎዋት እንዲያድግ አዝዟል። ቀኑ ለአገሮች ተሰጥቷል፤ ሥራው ግን ያረፈው በመስመር ባለቤቶች ጫንቃ ላይ ነው።

መስመሩን ላለመጠበቅ የሚሞክሩ አሉ። ጣቢያው ውስጥ ትልቅ ባትሪ ይተክላሉ፤ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ከደካማው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል፣ መኪና ሲመጣ ደግሞ በፍጥነት ይሰጣል። ተሽከርካሪ አልፎ አልፎ ለሚመጣበት የገጠር መንገድ ይህ ግሩም መፍትሔ ነው። በበዓል ዋዜማ ሰልፍ በሚሠራበት አውራ መንገድ ላይ ግን ባትሪው ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደ ደካማው መስመር ፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲሠራ ሁለት ቁጥሮች መታወቅ አለባቸው፤ ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝና መስመሩ ራሱ ስንት ኪሎዋት እንደሚያመጣ።

ትራንስፎርመሩ ደርሶ ከተተከለ በኋላ ምልክቶቹ በፍጥነት ይከተላሉ። ኬብሎቹ ይሳባሉ፣ ኢንሱሌሽናቸው ይፈተሻል፣ የከተማው የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ይፈርማል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆጣሪው ይገጠማል። ባዶ የነበረው የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ቆጣሪ ከታየ ኃይል አቅራቢው ሊያገናኝ ተቃርቧል ማለት ነው። መብራት ከገባ በኋላም የመቀየሪያ ሳጥኖቹ ማራገቢያ ድምፅ ይሰማል፣ የምሰሶዎቹ ማሳያ ይበራል። እኔ የመክፈቻ ቀን ለመገመት የምደፍረው ከዚህ ወዲያ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ በኃይልና በአገልግሎት መካከል አንድ የመጨረሻ ክፍል አለ፤ እርሱም የሶፍትዌሩ ነው። ማሽኑ ከኦፕሬተሩ ማዕከል ጋር መነጋገር፣ ካርድ መቀበል፣ ሒሳብ መያዝ፣ ከተለያዩ ፋብሪካዎች መኪኖች ጋር መግባባት አለበት። የአንዱን አምራች መኪና ያለችግር የሚሞላ ምሰሶ ሌላውን «ግንኙነት አልተሳካም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ደረጃ አንድ ቢሆንም አተረጓጎሙ ይለያያልና። የመሰኪያው ዓይነትም አለ፤ በአውሮፓ ሲሲኤስ ሁለት፣ በቻይና ጂቢ ቲ፣ በጃፓን ቻዴሞ፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሌሎች የከፈተው መሰኪያ ከሲሲኤስ አንድ ጋር። በተለያዩ መኪኖች ሳይፈተሽ ተቻኩሎ የሚከፈት ጣቢያ ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የሚያተርፈው እንግልት ነው፤ ለዚህ ፍተሻ የሚሰጥ አንድ ሁለት ሳምንት ሊያስቆጣን አይገባም።

ግንባታውን የሚያካሂዱ ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ለሕዝብ የሚናገሩት ግን «በቅርቡ ይከፈታል» የሚል ሰሌዳ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ የኃይል ማገናኛ ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ ትራንስፎርመሩ የታዘዘበትንና ይደርሳል የተባለበትን ወር፣ ጣቢያው በመኪኖች ሲሞላ እያንዳንዱ መሰኪያ የሚሰጠውን ኃይል ቢለጥፉ ተጠራጣሪው ሁሉ ይረጋጋ ነበር። የጉዞ ዕቅዱን በዚያ ጣቢያ ላይ የመሠረተ አሽከርካሪ አለ፤ መኪና ለመግዛት የመክፈቻውን ቀን የሚጠብቅ ቤተሰብም አለ። የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ጣቢያ ከሆነ ደግሞ እነዚህን ማሳወቅ ግዴታ ሊሆን ይገባዋል።

ክትትሉም በመክፈቻው ቀን መቆም የለበትም። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባሉ 181 ሕዝባዊ ጣቢያዎች የሚገኙ 657 የሲሲኤስ መሰኪያዎችን በአካል ሄደው የፈተሹ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት በትክክል ሲሠሩ ያገኟቸው 72.5 በመቶዎቹን ብቻ ነበር። የተበላሸ ማሳያ፣ ክፍያ የማይቀበል ካርድ ማንበቢያ፣ የተቋረጠ የመረጃ ግንኙነት፣ የተሰበረ መሰኪያ አገኙ። ወደ 5 በመቶ በሚጠጉት ደግሞ ኬብሉ ከመኪናው መሰኪያ ለመድረስ አጭር ሆኖ ተገኘ፤ ይህ የዲዛይን ጥፋት ነው፣ አርማታው ሳይፈስስ በፊት በወረቀት ላይ ሊታይ ይችል የነበረ።

በአሜሪካው ፌዴራላዊ ደንብ መሠረት በፌዴራል ገንዘብ የተሠራ እያንዳንዱ መሰኪያ በዓመት 97 በመቶ ጊዜ መሥራት አለበት። ይህ ቁጥር ከፍ ያለ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ሌት ተቀን ክፍት የሆነ መሰኪያ በዓመት ወደ 263 ሰዓት፣ ማለትም አሥራ አንድ ቀን ያህል ቢቆም ደንቡን አልጣሰም። በስሌቱ ውስጥ ደግሞ የኃይል አቅራቢው መብራት ያቋረጠበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ለታቀደ ጥገና የተዘጋበትም እንዲሁ። ከኦፕሬተሩ አንጻር ፍትሐዊ ነው፤ በእጁ ባልሆነ ነገር መቀጣት የለበትምና። አሽከርካሪው ግን የሚያገኘው መልስ በሁለቱም ሁኔታ አንድ ነው፤ ባትሪው 6 በመቶ ላይ ሆኖ የማይሠራ ምሰሶ ፊት መቆም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ ጣቢያ ሁለት ቁጥር እንዲወጣ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ደንቡ የሚጠይቀው፣ ሌላው የመስመር መቋረጥን ጨምሮ መሰኪያው በእርግጥ የሠራበት ሰዓት።